ቬትናም በተከተፈ እንጨት አውስትራሊያን እንዴት በለጠቻት?

ሰላም ወንድሜ። "ያን ሁሉ መሬት የያዘችው አውስትራሊያ እያለች ቬትናም ለወረቀት ፋብሪካ የሚሆን የተከተፈ እንጨት በመላክ እንዴት አንደኛ ሆነች?" ብለህ ጠይቀሃል።

ዋናው ነገር ጊዜ ነው። የቬትናም ገበሬ የሚተክለው ግራር ነው፤ በአምስት በስድስት ዓመቱ ይቆርጠዋል። የአውስትራሊያ ባሕር ዛፍ ግን አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። የሚገርመው የቬትናም ግራር ዝርያም የመጣው ከዚያው ከአውስትራሊያና ከፓፑዋ ኒው ጊኒ አካባቢ ነው።

ሁለተኛው ባለቤትነት ነው። ቬትናም ውስጥ አንድ ሁለት ሄክታር ያለው ገበሬ ብር ሲቸግረው ዛፉን ይሸጣል። ግንዱ ቅርፊቱ ተልጦ፣ ከጣት ያጠረ ስባሪ ሆኖ እንደ ኩዊ ኞን ካሉ ወደቦች ወደ ቻይናና ጃፓን ይጫናል። አውስትራሊያ ደግሞ ቀድማ ገብታበታለች፤ በደቡብ ምሥራቅ ጠረፏ ካለው ከኤደን ወደብ ለጃፓን መላክ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1970 አካባቢ ነው። በኋላ ባለሀብቶች ለግብር ቅናሽ ብለው ሰፊ ባሕር ዛፍ አስተከሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 ግን ትልልቆቹ የተከላ ኩባንያዎች ከሰሩ። ብዙም ሳይቆይ ቬትናም አለፈቻት።

እኔን የሚያሳዝነኝ ገበሬው ነው። ያ ግራር ጥቂት ዓመት ቢታገስለት ለቤት ዕቃ የሚሆን ጣውላ ይወጣው ነበር፤ ዋጋውም የተሻለ ነው። ግን ማን ይጠብቃል? ችግር ጊዜ አይሰጥም።

የሁለቱን አገሮች የተላከ እንጨት አሃዝ ስታወዳድር በደረቅ ክብደት መሆኑን እይ። እርጥቡ እንጨት ግማሽ ያህሉ ውኃ ነው።