በደም ብዛት የደም ቧንቧ ለምን ይጠባል? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ደም ብዛት ሲኖር ቧንቧው ይጠባል ይባላል። ተኮማትሮ ነው ወይስ ግድግዳው ወፍሮ?

መልስ፦ በመኮማተር ይጀምርና እየቆየ ቅርጹ ራሱ ይለወጣል። ዋናው ለውጥ ያለው ውስጣዊ ስፋታቸው ከ0.3 ሚሊሜትር ገደማ በታች በሆነ ትናንሽ አርተሪዎች (ደም ከልብ ወደ አካል የሚወስዱ ቧንቧዎች) ላይ ነው። መንስኤው ተለይቶ በማይታወቀው፣ ማለትም በአብዛኛው ሰው ደም ብዛት፣ ግድግዳው ብዙ ሥጋ ሳይጨምር ያሉት ሴሎች በጠበበ ቀዳዳ ዙሪያ እንደገና ይደረደራሉ። የኩላሊት አርተሪ ጠብቦ ወይም አልዶስቴሮን (ጨው በሰውነት የሚያስቀር ሆርሞን) በዝቶ ሲመጣ ግን ግድግዳው በእርግጥ ይወፍራል። የቀዳዳው ሬዲየስ በ10 በመቶ ብቻ ቢቀንስ ደሙን የሚገጥመው እንቅፋት በ52 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ስሌቱ በሬዲየሱ አራተኛ ርቢ ነውና።

ጥያቄ፦ ይህን የሚያደርገው የትኛው ሆርሞን ነው?

መልስ፦ ብቻውን የሚሠራ የለም፤ ከፊት የሚሰለፈው ግን አንጂኦቴንሲን 2 ነው። ከኩላሊት የሚወጣው ሬኒን የተባለ ኤንዛይም ከጉበት የሚመጣውን አንጂኦቴንሲኖጅን የተባለ ፕሮቲን ይቆርጣል፣ ከዚያ ኤሲኢ የተባለው ኤንዛይም የመጨረሻውን ቅርጽ ይሰጠዋል። አንጂኦቴንሲን 2 በሴሉ ላይ ያለ ኤቲ1 የተባለ ተቀባይ ላይ ሲያርፍ የቧንቧውን ጡንቻ ወዲያው ያኮማትራል። በዚያው ተቀባይ በኩል ግን ዘገም ያለ ሌላ ሥራም ያስጀምራል፦ ኢጂኤፍ የተባለውን ግሮውዝ ፋክተር (ሴልን እንዲያድግ የሚያዝ ፕሮቲን) ተቀባይ ይቀሰቅሳል፣ ፒዲጂኤፍና ቲጂኤፍ-ቤታ የተባሉ ሌሎች ግሮውዝ ፋክተሮችም እንዲመረቱ ያደርጋል። ፒዲጂኤፍ የጡንቻ ሴሎችን ያበዛል፤ ቲጂኤፍ-ቤታ ኮላጅን የተባለ ጠንካራ የፕሮቲን ክር ያከማቻል፣ ቧንቧው የሚደርቀውም በዚህ ነው። ቧንቧውን የሚያላላው ናይትሪክ ኦክሳይድ ደግሞ በዚሁ መንገድ በሚፈጠር ኦክስጅን ራዲካል (ሌሎች ሞለኪውሎችን ቶሎ በሚያጠቃ የኦክስጅን ዓይነት) ይጠፋል።

ጥያቄ፦ እናቴ ቤቫሲዙማብ የተባለ የካንሰር መድኃኒት ከጀመረች ወዲህ ግፊቷ ጨምሯል። ይገናኛል?

መልስ፦ አዎ፣ የታወቀ ጠባዩ ነው። መድኃኒቱ ቪኢጂኤፍ የተባለውን የደም ቧንቧ ግሮውዝ ፋክተር ይዘጋል፤ ቪኢጂኤፍ ደግሞ ናይትሪክ ኦክሳይድ እንዲመረት ያዛል። ስለዚህ ግሮውዝ ፋክተር ሁሉ ጎጂ ነው ማለት አይደለም። በራሳችሁ አታቋርጡት፤ ግፊቷን እየለካችሁ መዝግቡና ለካንሰር ሐኪሟ አሳዩ።

ጥያቄ፦ ግፊት እስከቀነሰ ድረስ የመድኃኒቱ ዓይነት ለቧንቧው ለውጥ አለው?

መልስ፦ አለው። ከመቀመጫ ቆዳ ሥር በተወሰዱ ትናንሽ አርተሪዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ሎሳርታን (ኤቲ1 ተቀባይን የሚዘጋ) እና አቴኖሎል (የልብ ምትን የሚያዘገይ) የተባሉት የደም ብዛት መድኃኒቶች ግፊቱን በተመሳሳይ መጠን ቢቀንሱም ከአንድ ዓመት በኋላ ቅርጹ የተሻሻለው በሎሳርታን ነው። ይህን አንብባችሁ ግን ራሳችሁ አትቀይሩ። ሎሳርታንም ሆነ ኤሲኢን የሚያግደው ኢናላፕሪል በእርግዝና ክልክል ነው፤ ሁለቱን ደርቦ መውሰድም ኩላሊት ይጎዳል፣ ፖታሲየም ከፍ ያደርጋል። ከተጀመረ ከ1 እስከ 2 ሳምንት በኋላ ክሬቲኒን (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳይ በደም ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር) እና ፖታሲየም ይለካ። ክሬቲኒን እስከ 30 በመቶ ቢጨምር አብዛኛውን ጊዜ ለማቆም ምክንያት አይሆንም።

ጥያቄ፦ ግፊቴ 120/80 ሆኗል። መድኃኒቱን ልተው?

መልስ፦ አይተዉ። ቁጥሩ በሳምንታት ይወርዳል፤ ግድግዳው ለመስተካከል ወራት አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይፈልጋል። መጠን መቀነስ ካስፈለገም ከሐኪም ጋር ነው።

ጥያቄ፦ ሦስት ዓይነት መድኃኒት በአግባቡ እየወሰድኩ አልወርድ ብሏል።

መልስ፦ በተለይ ፖታሲየምዎ ዝቅ ካለ፣ የአልዶስቴሮንና የሬኒን ምጣኔ እንዲመረመር ይጠይቁ። የአልዶስቴሮንን ሥራ የሚያግደውን ስፓይሮኖላክቶን ጀምረው ከሆነ ለመርማሪው ይንገሩ፤ ውጤቱን ስለሚያዛባ አብዛኛውን ጊዜ 4 ሳምንት አስቀድሞ በሐኪም ትእዛዝ ይቆማል።