ኢንሹራንሱ ባለቤቷ ለሁለተኛ ጊዜ ሆስፒታል የተኛበትን አልከፍልም ላላት እህት

እህቴ፣ «ባለቤቴ የትርፍ አንጀት ኦፕራሲዮን አድርጎ ከወጣ በኋላ ሆዱ ውስጥ መግል ቋጥሮ፣ ተመልሶ አምስት ቀን ተኛ። ኢንሹራንሱ የሁለተኛውን አልከፍልም አለን፤ ይግባኝ ማለት ለውጥ ያመጣል ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ያመጣል። እኔ ላይ የደረሰውን ልንገርሽ።

እዚሁ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ የሐሞት ከረጢቴን አውጥተውልኝ ቤት በገባሁ በአራተኛው ቀን ሐሞቱ ሆዴ ውስጥ መፍሰስ ጀመረ። ተመልሼ ስድስት ቀን ተኛሁ። ኢንሹራንሱ የሁለቱን ቀን ከፍሎ የአራቱን «በሕክምና አስፈላጊ አልነበረም» አለ። የመጀመሪያውን ይግባኝ በንዴት ጻፍኩት፤ ሕመሜን፣ ልጆቼን ጥዬ መተኛቴን፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ውድቅ ሆነ። ነርስ የሆነች ጎረቤቴ ደብዳቤውን አንብባ «ላነሱት ምክንያት መልስ አልሰጠሽም እኮ» አለችኝ። እውነቷን ነበር።

ከዚያ ከኢንሹራንሱ ሙሉ ፋይሌንና የወሰኑበትን መመዘኛ ጠየቅኩ፤ በነፃ የመስጠት ግዴታ አለባቸው። ከሆስፒታሉ ደግሞ የመውጫ ማጠቃለያውን ብቻ ሳይሆን ነርሶቹ በየሰዓቱ የጻፉትን ጭምር። ቁም ነገሩ የተገኘው እዚያ ነው። እነሱ «ቤቷ መሄድ ትችል ነበር» ባሉት ቀን፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ፣ ትኩሳቴ 102.4 ፋራናይት ተብሎ ተጽፏል፤ አንቲባዮቲኩ በደም ሥሬ እየገባ፣ ፍሳሹ በቱቦ እየወጣ። መስመሩን በቢጫ አቀለምኩት። ኦፕራሲዮን ያደረገልኝ ዶክተርም ያን ቀን ብወጣ ምን ሊደርስብኝ ይችል እንደነበር አንድ ገጽ ጻፈልኝ። ይህን አያይዤ ኤክስተርናል ሪቪው ለሚባለው ገለልተኛ ገምጋሚ አመለከትኩ። አራቱም ቀን ተፈረደልኝ፤ ገምጋሚው ከወሰነ ኢንሹራንሱ እምቢ ማለት አይችልም።

ቀኑ እንዳያልፍብሽ። እምቢታው ከደረሳችሁ ጀምሮ ለኢንሹራንሱ ራሱ ይግባኝ ለማለት 180 ቀን አላችሁ። ሕክምናው ያለቀ ስለሆነ እነሱ በ60 ቀን መመለስ አለባቸው። ደግመው እምቢ ካሉ ወደ ገለልተኛው ለመሄድ አራት ወር ነው። ሁሉንም በሪኮመንዴ ላኪ፣ ደረሰኙን አስቀምጪ።

ኢንሹራንሱ በሥራ የተገኘ ከሆነ ኤችአርን (የመሥሪያ ቤቱን የሠራተኛ አስተዳደር) «ሰልፍ ፈንድድ ነው ወይ?»፣ ማለትም ገንዘቡን የሚከፍለው አሠሪው ራሱ ነው ወይ፣ በያቸው። ከሆነ የስቴቱ ኢንሹራንስ ቢሮ ብዙም አይረዳሽም፤ የሚመለከተው የፌዴራሉ ሌበር ዲፓርትመንት (የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት) ነው። ሜሪላንድ ከሆናችሁ ደግሞ በስቴቱ ዋና ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ሥር ይግባኙን በነፃ የሚያግዝ ክፍል አለ። እኔ ዘግይቼ ነው የሰማሁት፤ አንቺ ዛሬውኑ ደውይላቸው።

ከሆስፒታሉ የሚመጣውን የክፍያ ሂሳብም ዝም አትበዪው። ይግባኝ ላይ መሆናችሁን ነግረሽ ወደ ኮሌክሽን (ዕዳ ሰብሳቢዎች) እንዳይልኩት ጠይቂ፣ የፋይናንሻል አሲስታንስ (የክፍያ እርዳታ) ፎርሙንም ሙዪ።

አሁን ደብዳቤውን አውጪና ስሙንና ቁጥሩን ሸፍነሽ እምቢ ያሉበትን አረፍተ ነገር እንዳለ ጻፊልኝ። ምን ወረቀት እንደሚያስፈልግሽ ከዚያ ተነስተን እናያለን።