የበረራ ርቀትና ሰዓት፦ ጥያቄና መልስ

ከለንደን ኒውዮርክ 8 ሰዓት የፈጀው በረራ ሲመለስ ለምን 7 ሰዓት ብቻ ይፈጃል?

ርቀቱ በሁለቱም አቅጣጫ ያው 5,540 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው ነፋስ ነው። ከ9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚፈስ፣ ጄት ስትሪም የሚባል ብርቱ የነፋስ ጅረት አለ። አውሮፕላኑ በአየሩ ውስጥ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ይበራል እንበል። 100 ኪሎ ሜትር ነፋስ ከኋላ ሲገፋው ከመሬት አንጻር 1,000 ይሆናል፤ ከፊት ሲገጥመው ወደ 800 ይወርዳል። ርቀቱን ለሁለቱም ሲያካፍሉት 5 ሰዓት ተኩልና 7 ሰዓት ገደማ ይመጣል። መንደርደሪያው፣ መውጫና መውረጃው በዚህ ላይ ይጨመራል። በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ብርድ ወራት ጅረቱ ስለሚበረታ ክፍተቱም ይሰፋል።

ርቀቱን ካወቅሁ ሰዓቱን ራሴ መገመት እችላለሁ?

ይችላሉ። ኪሎ ሜትሩን ለ850 ያካፍሉና 40 ደቂቃ ይጨምሩ። ከሲንጋፖር ኒውዮርክ 15,349 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሲካፈል 18 ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ፣ ከጭማሪው ጋር 18 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያህል ይሆናል። ትኬቱ ላይ የሚያዩትም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ስሌቱ የሚበላሸው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው መለኪያው ነው፦ የአቪዬሽን ማይል 1.852 ኪሎ ሜትር፣ ተራው ማይል ግን 1.609 ነው። አንዱን በሌላው ቦታ ከተጠቀሙ 15 በመቶ ይሳሳታሉ። ሁለተኛው የተዘጋ የአየር ክልል ነው። ከሄልሲንኪ ቶኪዮ በሩሲያ ሰማይ ላይ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጅ ነበር፤ ከ2022 ወዲህ ግን ዙሪያውን ስለሚኬድ 13 ሰዓት ያህል ሆኗል። ሁለቱ ከተሞች ያሉበት ቦታ አልተለወጠም፤ የተለወጠው መንገዱ ነው።

ከለንደን ሎስ አንጀለስ የሚሄደው አውሮፕላን ለምን በግሪንላንድ በኩል ይዞራል?

አይዞርም፤ አጭሩ መንገድ እሱ ነው። ሉል ካለዎት ክር ያምጡ። አንዱን ጫፍ ለንደን ላይ፣ ሌላውን ሎስ አንጀለስ ላይ ይዘው ወጠር ያድርጉት፤ ክሩ ራሱ ወደ ሰሜን ተንሸራቶ ግሪንላንድና ካናዳ ላይ ያርፋል። ጠፍጣፋ ካርታ ሰሜኑን ስለሚለጥጠው ነው መንገዱ ጎባጣ የሚመስለው።

ትኬቴ ከቶኪዮ 17:00 ተነስቶ በዚያው ቀን 11:00 ሎስ አንጀለስ ይደርሳል ይላል። ስሕተት ነው?

ልክ ነው። ሁለቱንም ሰዓት ወደ ዓለም አቀፉ ሰዓት፣ ወደ ዩቲሲ ይለውጡ። ቶኪዮ 9 ሰዓት ትቀድማለችና 17:00 ሲቀነስ 08:00 ነው። ሎስ አንጀለስ በበጋ ሰዓቷ (ከመጋቢት እስከ ኅዳር ሰዓቷን በአንድ ወደፊት ስትገፋ) 7 ወደኋላ ስለሆነች 11:00 ሲደመር 18:00 ይሆናል። በረራው 10 ሰዓት ነው ማለት ነው። ከኅዳር እስከ መጋቢት ግን 7 ሳይሆን 8 ይደምሩ፤ ጃፓን ሰዓቷን አትቀይርም።

ይበልጥ የሚያሳስበው የመልሱ ጉዞ ነው። ሰኞ 13:00 ከሎስ አንጀለስ ተነስተው 11 ሰዓት ተኩል ቢበሩ ቶኪዮ የሚደርሱት ማክሰኞ 16:30 ነው። ሆቴል ከመያዝዎ በፊት ከመድረሻው ሰዓት አጠገብ ያለችውን ትንሽ “+1” (በማግሥቱ ማለት ነው) ይዩ፤ ሰኞ ማታ የያዙት ክፍል ባዶውን ያድራል።