ሲጠበስ ውሃ የሚሞላ ሥጋ

አንዲት የአዲስ አበባ አንባቢ ችግራቸውን እንዲህ ሲሉ ጽፈውልኛል። በቻይና ምግብ ቤት የቀመሱትን የበሬ ሥጋ ጥብስ በአኩሪ አተር ሶስ ቤታቸው ሊሠሩ አስበው፣ አዲስ ዎክ (ጎድጓዳውን የቻይና መጥበሻ) ገዝተው፣ አንድ ኪሎ ሥጋ በስሱ ቆርጠው በሶሱ ሲዘፈዝፉት አደሩ። በማግስቱ ኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ሲጥዱት ሥጋው ውሃ ሞላው፤ ግራጫ ሆነ፤ እንደ ጎማ ጠነከረ። ሶሱ ከሥር አረረ፤ ጨውም በዛ። በሁለተኛው ሙከራ ጎረቤት በነገራቸው መሠረት ሌሊቱን በፓፓያ አሹት፤ ሲጠብሱትም «እንዲበስል» ብለው ከደኑት። ያን ጊዜ ደግሞ ላዩ ሊጥ ሆነ።

ነገሩ ሁሉ የውሃ ነው። አልነገሩኝም እንጂ ሥጋውን አጥበዋል፤ በወጉም አላደረቁትም። ኪሎውን በአንድ ጊዜ እንደ ገለበጡትም እርግጠኛ ነኝ። አዳር በጨዋማ ሶስ የቆየ ሥጋ ራሱም ውሃ ይዞ ነው የሚመጣው። ክዳኑ ደግሞ የመጨረሻው ጥፋት ነው፤ የሚወጣውን እንፋሎት መልሶ ሥጋው ላይ ያንጠባጥባል። ፓፓያ ሥጋ እንደሚያለሰልስ እውነት ነው፤ ግን ላዩን በልቶ ይጨርሰዋል እንጂ ውስጡ አይደርስም። ሌሊቱን ሙሉ ማሳደር ማለት ሥጋውን መጣል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ይህ የምወደው ጉዳይ ነው። ሥጋ መልኩ ቡናማ ሆኖ ያንን የጥብስ ሽታ የሚያወጣው ላዩ ወደ 140 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ነው። ውሃ ግን አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። እርጥበቱ ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ የሥጋው ገጽ ከዚያ ብዙ አያልፍም። ችግሩ ትነቱ የሚበላው ሙቀት ነው፦ ውሃን ከቀዝቃዛነቱ እስከ መፍላት ለማድረስ ከሚፈጀው ሙቀት ይልቅ፣ የፈላውን ወደ እንፋሎት ለመለወጥ የሚፈጀው ከሰባት እጥፍ ይበልጣል። ከኪሎው ሥጋ 100 ግራም ውሃ ብቻ ወጣ እንበል። ምድጃዎ 1,500 ዋት ቢሆንና ግማሹ ሙቀት ዎኩ ውስጥ ቢገባ፣ ያንን ውሃ ለማትነን ብቻ አምስት ደቂቃ ያስፈልጋል። በስስ የተቆረጠ ሥጋ ደግሞ በሁለት ደቂቃ አልቆለታል። የቀረውን ሦስት ደቂቃ በራሱ ውሃ ሲቀቀል ይቆያል፤ ጎማ የሚሆነው ያኔ ነው። የምግብ ቤቱ ማብሰያ ይህን የሚያሸንፈው በነበልባሉ ኃይል ነው፤ የቤት ምድጃ በዚያ በኩል አይወዳደርም። እኛ የምናሸንፈው ሥጋውን በማሳነስና በማድረቅ ነው።

ዎኩን ወደ ጎን ያስቀምጡት። ክብ ሥር ያለው ዎክ የተሠራው ለነበልባል ነው፤ ዝርግ ምድጃ ላይ የሚነካው መሐሉ ብቻ ነው። በየሱቁ የሚሸጠው ስስ ቆርቆሮ ደግሞ ሥጋ ሲነካው ወዲያው ይበርዳል፤ እንዲህ ዓይነቱን ዕቃ ዎክ ብሎ የሚሸጥ ሰው ያናድደኛል። ወፍራም የብረት መጥበሻ ካለዎት እሱን ያውጡ። ቴፍሎን ከሆነ ግን ባዶውን አያግሉት፤ ጭሱ ጎጂ ነው።

ሥጋው ሽንጥ ወይም ፊሌቶ ይሁን። ዛሬ የታረደ ከሆነ ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ቀን ያሳርፉት። ግማሽ ሰዓት ፍሪዘር ውስጥ ሲቆይ ጠንከር ይልና ለቢላ ይመቻል፤ በጭረቱ (የሥጋው ክሮች በተዘረጉበት መስመር) አቅጣጫ ሳይሆን ጭረቱን አቋርጠው በ3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይቁረጡት። ከጠነከረ በሬ ከሆነ ለግማሽ ኪሎ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ አሽተው 15 ደቂቃ ያቆዩት፤ ከዚያ አጥበው በንጹሕ ጨርቅ ጨምቀው ያድርቁት። ቤኪንግ ፓውደር አይደለም! በመቀጠል አንድ የሾርባ ማንኪያ ሶስ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የበቆሎ ስታርችና ጥቂት ዘይት ይለውሱበት፤ ሩብ ሰዓት ይበቃል።

ከመጣድዎ በፊት አንድ ነገር፦ በጋለ ዘይት ላይ እርጥብ ነገር አይጨምሩ። ዘይት ከተቀጣጠለ ውሃ አይድፉበት፤ ክዳን ጭነው ምድጃውን ያጥፉ። ውሃ ከደፉበት ከዘይቱ ሥር ገብቶ በቅጽበት እንፋሎት ይሆንና የሚነድደውን ዘይት ወደ ፊትዎ ይረጨዋል። ክዳኑን የምፈልገው ለዚህ ብቻ ነው፤ ከአጠገብዎ አይራቅ።

መጥበሻውን ያግሉ፤ ዘይቱ በስሱ ሲንቀጠቀጥ ከሥጋው ሲሶውን ዘርጋ አድርገው ያስገቡ። ለ40 ሰከንድ አይነካኩት። «ችስስ» የሚለው ድምፅ ወደ «ፍልቅልቅ» ከተለወጠ ውሃ ወጥቷል፤ ቀጣዩን ዙር ያሳንሱ። አገላብጠው ግማሽ ደቂቃ ቆይተው ወደ ሳህን ያውጡት። ሦስቱም ዙር ካለቀ በኋላ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ለየብቻ ይጠበሱ። አትክልቱም ታጥቦ የደረቀ ይሁን፤ ስለ ውሃና ዘይት የነገርኩዎትን አይርሱ።

ሶሱ የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሶስ፣ አራት የሾርባ ማንኪያ ውሃ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳርና አንድ የሻይ ማንኪያ ስታርች አስቀድመው በኩባያ ይበጥብጡ። ሥጋውን ወደ መጥበሻው ሲመልሱት ሙቀቱን ቀንሰው ያፍስሱበት፤ ሲወፍር ያውጡት። የጠርሙሱን ጽሑፍ ያንብቡ፦ ውሃ፣ አኩሪ አተር፣ ስንዴና ጨው ከሆነ ለወራት የተብላላ ሳይሆን አይቀርም። ሃይድሮላይዝድ ፕሮቲንና ካራሜል ቀለም ከተጻፈበት፣ በአሲድ ተሠርቶ የተቀባ ጨዋማ ውሃ ነው፤ እሱን ለመሸፈን ስኳር መጨመር ከንቱ ድካም ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ሶስ ወደ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የሚጠጋ ጨው ስለሚይዝ፣ ሌላ ጨው ቀምሰው ሳያረጋግጡ አይጨምሩ።