የመንጋጋ ጡንቻ ሕመም ወራት ሲያስቆጥር ማንን ላማክር?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 38 ነው። ቀኝ ጉንጬን ማመም ከጀመረኝ ስምንት ወር አልፎታል። ጠዋት ስነሣ መንጋጋዬ ደርቆ አልከፈት ይላል፤ ሳኝክና ሳዛጋ ይብስብኛል፤ ሕመሙ ወደ ጆሮዬና ወደ ላይኛው ጥርሴ ይዘልቃል። የጆሮ ሐኪም ጆሮሽ ደህና ነው አለኝ፤ የጥርስ ኤክስሬይም ተነሥቼ ምንም አልተገኘም። አሁን ደግሞ ጥርሶችሽ በደንብ ስለማይገጥሙ ተሞርደው ይስተካከሉ ተብያለሁ። ላስሞርድ? ወይስ መታየት ያለብኝ ሌላ ሐኪም ጋ ነው?

መልስ፦ አያስሞርዱ። የተሞረደ የጥርስ ገጽ ተመልሶ አይበቅልም፤ መሞረዱ የጡንቻ ሕመምን እንደሚያድን የሚያሳይ አስተማማኝ ማስረጃም የለም። ጡንቻ ሲታመም መንጋጋውን በመጠኑ ወደ አንድ ጎን ሊስበው ስለሚችል ጥርስ ያልገጠመ ይመስላል፤ ሕመሙ ሲቀል ብዙ ጊዜ አገጣጠሙም ወደ ቦታው ይመለሳል። እስከዚያ የተሞረደው ጥርስ ግን ያኔ የእውነት አይገጥምም።

የገለጹት ሁኔታ የማኘኪያ ጡንቻ ሕመም ይመስላል። መጀመሪያ የሚጠረጠረው ከጉንጭ አጥንት ተነሥቶ እስከ መንጋጋ ማዕዘን የሚወርደው፣ ማሴተር የሚባለው ወፍራም ጡንቻ ነው። ጥርስዎን ጠበቅ አድርገው ሲነክሱ ጉንጭዎ ላይ ጉብ የሚለው እሱ ነው። ይህ ጡንቻ፣ ጥርሶችና የጆሮ ዙሪያ የሕመም መልእክታቸውን በአብዛኛው በአንድ ነርቭ በኩል ስለሚልኩ አንጎል ምንጩን ያምታታል። በዚህ የተነሣ ጤነኛ ጥርሱን ያስነቀለ ሰው ጥቂት አይደለም። ጥርሱ ከተጠረጠረ ቀላል መፈተሻ አለ፦ ሐኪሙ ያንን ጥርስ በመርፌ ያደነዝዘዋል፤ ጥርሱ ደንዝዞም ሕመሙ እንዳለ ከቀጠለ ምንጩ ሌላ ነው።

ኤክስሬዩ ምንም አለማሳየቱ አይግረምዎት፤ አጥንትና ጥርስ እንጂ ጡንቻ አያሳይም። ይህ ሕመም የሚለየው በእጅ ነው። ሐኪሙ ማሴተርንና ከጆሮ በላይ በራስ ጎን ያለውን ጡንቻ በጣቱ ጫፍ፣ 1 ኪሎ ግራም በሚያህል ኃይል ለ5 ሰከንድ ያህል እየተጫነ ይመረምራል። (1 ኪሎ ምን ያህል እንደሆነ ለማወቅ ሚዛንን በጣት መጫን ይበቃል።) የሚጠይቀውም “ያምማል ወይ?” ብቻ ብሎ አይደለም፤ “ሁልጊዜ የሚሰማዎት ሕመም ይኸው ነው ወይ?” ብሎ ነው። ጤነኛ ሰውም ሲጫኑት ሊያመው ይችላል፤ የሚያውቁት ሕመም ሲቀሰቀስ ነው ምንጩ ተገኘ የሚባለው። ቀጥሎ የአፍ አከፋፈት በማስመሪያ ይለካል። ከላይኛው የፊት ጥርስ ጫፍ እስከ ታችኛው 40 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የተለመደ ሲሆን ከ35 በታች ጠባብ ነው። አፉን ያጠበበው ጡንቻ ከሆነ ሐኪሙ በጣቱ በቀስታ ሲያግዘው ጥቂት ሚሊ ሜትር ይጨምራል። ግድግዳ እንደነካ ያህል ቀጥ ብሎ ከቆመ፣ በተለይ ቀድሞ ሲከፈት ቀጭ ይል የነበረው የመንጋጋ መገጣጠሚያ ድምፁ ጠፍቶ ከተቆለፈ፣ ዲስኩ፣ ማለትም በመገጣጠሚያው አጥንቶች መካከል ያለው ንጣፍ፣ ከቦታው ተንሸራትቶ ሊሆን ይችላል። ኤምአርአይ የሚጠቅመው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው።

ስለዚህ የሚፈልጉት እንዲህ አድርጎ የሚመረምርዎትን ሰው ነው። ይህን የሚያደርገው የፊትና የመንጋጋ ሕመም የሚያክም የጥርስ ሐኪም ወይም የአፍ፣ የፊትና የመንጋጋ ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስት ነው። ቀዶ ሐኪም መባሉ አያስፈራዎት፤ ከዚህ ዓይነት ሕመምተኞቹ አብዛኞቹ ቢላ አይነካቸውም። ከእሱ ጎን አንገትና መንጋጋ ላይ የሚሠራ ፊዚዮቴራፒስት፣ ማለትም በእንቅስቃሴና በማሸት የሚያክም ባለሙያ፣ ያስፈልግዎታል፤ እንዲያውም ረጅሙ ሥራ የሱ ነው። ሲሄዱ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይንገሩ። ፍሉኦክሰቲንና ሰርትራሊንን የመሳሰሉ የድብርት መድኃኒቶች በአንዳንድ ሰው ላይ ጥርስ ማፋጨት ያመጣሉ። ምክንያቱ እነሱ ቢመስሉዎትም በራስዎ አያቁሙ፤ ያዘዘልዎት ሐኪም መጠኑን ወይም ዓይነቱን ሊቀይር ይችላል።

ቀጠሮ የማይጠብቁ ምልክቶችም አሉ። ከ50 ዓመት በላይ ሆኖ ሲያኝክ የሚብስ፣ ማኘክ ሲያቆም የሚተው የመንጋጋ ሕመም ከአዲስ ራስ ምታት ወይም ከዓይን ብዥታ ጋር ከመጣ የደም ቧንቧ ብግነት ሊሆን ይችላል፤ ዓይን ሊያጠፋ ስለሚችል በዚያው ቀን መታየት አለበት። ትኩሳትና እብጠት ኖሮ አፍ አልከፈት፣ ምራቅ አልዋጥ ካለ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። መንጋጋው ከደረት ማፈንና ከላብ ጋር ካመመ የልብ ሕመም ሊሆን ይችላል። መንጋጋ ቆልፍ፣ ማለትም ቴታነስ፣ በቀናት ውስጥ የሚባባስ በሽታ ስለሆነ የስምንት ወሩን ሕመም አይመለከትም። አፉ ከሳምንት ሳምንት እየጠበበ የሚሄድና አፍ ውስጥ የማይድን ቁስል ወይም አንገት ላይ እብጠት ያለበት ሰው ግን ለካንሰር መመርመር አለበት።

ከሦስት ወር በላይ ለቆየ ሕመም ምን እንደሚረዳ ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው መመሪያ በግልጽ አስቀምጧል። ከፊት የተቀመጡት በባለሙያ የሚመራ የመንጋጋ እንቅስቃሴና መሳሳብ፣ የጡንቻ ማሸት፣ እንዲሁም ጭንቀትንና ልማድን የሚገራ የሥነ ልቦና ሕክምና ናቸው። የመጨረሻው “ሕመምሽ የአእምሮ ነው” ማለት አይደለም፤ ሳያውቁት ጥርስ የመንከስ ልማድ የሚገራው በዚያ መንገድ ስለሆነ ነው።

ከዛሬ ጀምሮ ራስዎ የሚያደርጉት ይህን ነው። “ን” ብለው ምላስዎ ላንቃዎን በነካበት ቦታ ላይ ይተዉት፤ ከንፈር ይዘጋ፣ ጥርሶች ግን 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ተራርቀው ይቆዩ። መንጋጋ የሚያርፈው እንዲህ ነው፤ ጥርስን ገጥሞ መዋል ቀኑን ሙሉ ጡጫ ጨብጦ እንደመዋል ይቆጠራል። ስልክዎ በየሰዓቱ እንዲያስታውስዎት ያድርጉ። ጉንጭዎ ላይ በሙቅ ውኃ የተነከረ ፎጣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ይያዙ። ከዚያ መስታወት ፊት ሆነው፣ የምላስዎን ጫፍ ከላንቃ ሳያነሡ፣ አገጭዎ ወደ ጎን ሳይሄድ አፍዎን 6 ጊዜ በዝግታ ይክፈቱ፤ በቀን 6 ጊዜ ይድገሙት። ብዙ ሰው የሚበላሽበት ቶሎ ለመዳን እስኪያመው ድረስ መክፈቱ ነው፤ ያመመው ጡንቻ ራሱን ለመከላከል ይበልጥ ይኮማተራል። መወጠሩ እስኪሰማዎት ብቻ ይክፈቱ። ለሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ለስላሳና በትንንሹ የተቆረጠ ምግብ ይብሉ፤ ማስቲካ ይቅር። ለወራት ፈሳሽ ብቻ መጠጣት ግን ጡንቻውን ያደክመዋል።

የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ችግር፣ እርግዝና ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ከሌለ አይቡፕሮፌን 400 ሚሊ ግራም በቀን ሦስት ጊዜ ከምግብ በኋላ፣ ከ10 ቀን ላልበለጠ ጊዜ መውሰድ ይቻላል። ለቆየ ሕመም ሐኪሙ አሚትሪፕቲሊን ማታ ማታ 10 ሚሊ ግራም ሊያስጀምር ይችላል፤ ውጤቱ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው፣ እንቅልፍና የአፍ ድርቀትም ያመጣል። ግላኮማ የሚባለው የዓይን በሽታ ወይም የልብ ምት ችግር ካለ አስቀድሞ መንገር ግድ ነው።

ማታ የሚደረግ የጥርስ ሽፋን ጥርስን ከመበላት ያድናል፤ ሕመምን ማስታገሱ ግን ያን ያህል እርግጥ አይደለም። ካስፈለገ በልክዎ የተሠራ፣ ጠንካራና ሁሉንም ጥርስ የሚሸፍን ይሁን። የፊት ጥርስን ብቻ የሚሸፍነው ለረጅም ጊዜ ሲደረግ ጥርሶችን ከቦታቸው ያንቀሳቅሳል። ቦቶክስ የሚባለው መርፌ ጡንቻውን ለሦስት ወር ያህል ቢያዝለውም የጥናቱ ውጤት የተደባለቀ ነው፤ ሲደጋገምም ጡንቻውን ስለሚያሳሳ በመጀመሪያው ቀጠሮ ከቀረበልዎት ይለፉት። እንቅስቃሴውን ከ6 እስከ 8 ሳምንት በደንብ ሠርተው ለውጥ ከሌለ ወደ መረመረዎት ሐኪም ይመለሱና የመድኃኒት መጠን ከመጨመሩ በፊት ምርመራውን ከመጀመሪያው እንዲያየው ይጠይቁ።