ፍልሰታን ሳንፈታ ጣሊያንና ግሪክን እንዴት እንዙር ላልሽው እህት

እህቴ፣ እናታችን እንኳን በሰላም መጡልሽ። ጥያቄሽን ላልተከታተለ ሰው ልድገመው፦ የምትኖሪው ሙኒክ ነው፤ እናትሽ ከአዲስ አበባ ለጉብኝት መጥተዋል፤ በነሐሴ ከባለቤትሽ ጋር ሆናችሁ ጣሊያንና ግሪክን ልታሳዪያቸው አስበሻል። ወሩ ግን ፍልሰታ ነው፤ እናትሽም አጥብቀው ይጾማሉ። «ሁለት ሳምንት ሙሉ ድንች ጥብስና ሰላጣ ሊበሉ ነው ወይስ ድርቆሽ በሻንጣ እንያዝ?» ብለሻል።

ድርቆሹን ተዪው። እኔ የምሠራበት ቦታ ዕረፍት የሚሰጠው በነሐሴ ስለሆነ የአውሮፓን ደቡብ ያወቅሁት ባመዛኙ በጾም አፍ ነው፤ ተርቤም አላውቅም። አውሮፓ ራሱ የጾመ አህጉር ነው፤ ለብዙ ዘመንም ድሃ ነበር። ገበሬው ሥጋና ቅቤ በየዕለቱ ማግኘት ሳይችል ሲበላ የኖረው ባቄላ፣ ሽንብራ፣ ምስርና ጎመን ዛሬም በየአገሩ ይበስላል። እኛ ግን ባቡር ጣቢያ አጠገብ ያለ ድንች ጥብስ ቤት ገብተን «አውሮፓ የጾም ምግብ የለም» ብለን እንመለሳለን፤ ይህ ያሳዝነኛል። የቪጋን ምግብ ቤት በመፈለግም አትድከሙ። የአገሩን የጾም ምግብና የሠራተኛውን ምሳ ቤት ፈልጉ።

ስለ ወረቀቱ በአጭሩ። አንቺና ባለቤትሽ የጀርመን መኖሪያ ፈቃድ ስላላችሁ በሌሎቹ የሸንገን አገሮች በማንኛውም 180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን ያለ ቪዛ መቆየት ትችላላችሁ። ካርዱ ብቻውን አይበቃም፤ ፓስፖርት አብሮ ይያዝ። የእናታችን የሸንገን ቪዛም ለሁለቱም አገሮች ያገለግላል፤ ነገር ግን ቪዛው ላይ የተጻፈውን የቀን ብዛት ቁጠሪ። የቀኑ ብዛት ካለቀ ቪዛው የሚያበቃበት ዕለት ገና ቢሆንም መቆየት አይችሉም። የአንድ ጊዜ መግቢያ ከሆነ ደግሞ ከግሪክ ተሻግራችሁ አልባኒያን ወይም ቱርክን እንይ እንዳትሉ፤ ተመልሰው መግባት አይችሉም። ጀርመን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከመስከረም 2024 ጀምሮ በሁሉም የየብስ ድንበሮቿ ቁጥጥር ስለጀመረች፣ በመልሱ ጉዞ ፖሊስ ባቡር ውስጥ ገብቶ ፓስፖርት ሲጠይቅ እንዳይደነግጡ አስቀድመሽ ንገሪያቸው።

መንገዱን እኔ የምወደው እንዲህ ነው። ከሙኒክ በኢንስብሩክና በብሬነር መተላለፊያ በኩል ቬሮናና ቦሎኛ የሚያደርስ ቀጥታ ባቡር አለ። ከቦሎኛ የአድሪያቲክን ባሕር ዳር ይዞ ባሪ የሚወርድ ባቡር ትይዛላችሁ። ከባሪ በመርከብ ሌሊቱን ወደ ግሪኩ ፓትራስ ወደብ ትሻገራላችሁ። የረጅም መንገድ ባቡሮችን ቀድሞ የቆረጠ በርካሽ ይሄዳል፤ የጣሊያን የአውራጃ ባቡሮች ዋጋ ግን ቋሚ ስለሆነ ቀድሞ መግዛት ጥቅም የለውም። የወረቀት ትኬት ከገዛችሁ ከመሳፈራችሁ በፊት ጣቢያው ውስጥ ባለው ማሽን አስመቱት፤ አለዚያ ቅጣት አለ።

ቦሎኛ ለጿሚ አትመችም። የቅቤ፣ የአይብና የአሳማ ስብ አገር ናት፤ በአካባቢው ምንም የሌለበት የሚመስለው ፒያዲና የሚባል ቂጣ እንኳ በባህላዊው አሠራር የአሳማ ስብ አለበት። ከተማዋን ዞራችሁ አይታችሁ፣ ፍራፍሬ ገዝታችሁ ውጡ።

ባሪ ያለችበት የደቡብ ጣሊያን ክፍል፣ ፑሊያ፣ ስትደርሱ ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። እዚያ ያለው ስንዴ፣ የወይራ ዘይት፣ ባቄላና የዱር ጎመን ነው። እናታችንን መጀመሪያ የማስቀምሳቸው ፋቬ ኤ ቺኮሪያ ነው። የተከካ ደረቅ ባቄላ ዝግ ባለ እሳት፣ ብዙ ጊዜ በሸክላ ድስት፣ ፈርሶ እስኪዋሃድ ይቀቀልና በእንጨት ማንኪያ ይመታል፤ ውፍረቱ እንደ ሽሮ ነው። አጠገቡ መረር ያለ ቅጠል ተቀቅሎ ይቀመጣል፤ ከላይ ጥሬ የወይራ ዘይት ይፈስበታል። አንድ ጊዜ ከባሪ ወጣ ባለች ከተማ ያገኘኋቸው ባለ ምግብ ቤት እናት ጿሚ መሆኔን ሲሰሙ ቀይ ሽንኩርት በአራት ሰንጥቀው አመጡልኝና ቅጠሉን እንደ ጉርሻ ጠቅልዬ ባቄላው ውስጥ እንዳጠቅስ በእጃቸው አሳዩኝ። የበላሁት ዋጋ ከአንድ ፒዛ አይበልጥም ነበር። አውሮፓ ውስጥ ከዚያ የሚበልጥ የጾም ምግብ እስካሁን አልቀመስኩም።

በባሪ አሮጌው ከተማ ሴቶች በራቸው ላይ ተቀምጠው ኦሬኬቴ የሚባለውን ፓስታ ሲሠሩ ታያላችሁ። ሊጡ ዱቄትና ውኃ ብቻ ነው፣ እንቁላል የለበትም። ትንሽ ቁራሽ በቢላዋ ጎተት ያደርጉና በአውራ ጣታቸው ይገለብጡታል፤ ከዚያ በወንፊት ላይ ይደርቃል። ከጎመን ጋር ሲሠራ ግን ብዙ ጊዜ አንቾቪ የሚባለው ትንሽ ዓሣ ስለሚገባበት «ሴንሳ አቹጌ» በሉ፤ ያለ ዓሣ ማለት ነው። «ሴንሳ ፎርማጆ» ያለ አይብ ነው። ቲማቲምና ወይራ ያለበት፣ ፎካቻ የሚባለው የባሪ ጠፍጣፋ ዳቦ፣ አይብ የሌለው ፒዛ ማሪናራም አሉላችሁ። ሒሳቡ ላይ ለአንድ ሰው ከ1 እስከ 3 ዩሮ «ኮፔርቶ» ተብሎ ቢታከልባችሁ የመቀመጫና የዳቦ ነው፤ አልተታለላችሁም። ባሪ እያላችሁ የቅዱስ ኒቆላዎስን ባዚሊካ ሳታስጎበኚያቸው እንዳትወጪ፤ አጽሙ በ1087 ወደዚያ የፈለሰ ሲሆን ከምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናትም ብዙ ምእመናን ይሳለሙታል።

ከምግቡ ይልቅ የሚያስቸግራችሁ ሰዓቱ ነው። እናታችን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ (ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የጣሊያን ምግብ ቤት ማድ ቤቱን የሚዘጋው ልክ በዚያን ጊዜ ነው፤ የሚከፍተው ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ ጠዋት ገበያ ወጥታችሁ ዳቦ፣ ወይራ፣ ቲማቲምና በዘይት የተቀመጠ አትክልት ግዙ፤ ሲቻልም ማድ ቤት ያለው ማረፊያ ተከራዩ። እዚህ ላይ ስፔን ትሻላለች፤ ምሳቸው ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ስለሆነ ለጿሚ የተመደበ ይመስላል። ሴቪያ ውስጥ ከሙን ያለበት ስፒናችና ሽንብራ አለ፤ ለሌላ ዓመት ያዙት።

ግሪክ ግን ቤታችሁ ናት። «ኒስቲሲሞ»፣ ማለትም የጾም፣ ስትሉ አስተናጋጁ ምን ማለታችሁ እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል፤ እንደ ጀርመን ቤት «ዶሮስ ይቻላል?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። የእነሱ የእመቤታችን ጾም ከኦገስት 1 እስከ 14 ነው፤ የእኛው ከኦገስት 7 እስከ 21። ከ14 በፊት ከደረሳችሁ ብዙ ቤት የጾም ምግብ አዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል። ከዚያ በኋላም «ላዴራ» የሚባሉት በዘይት የተሠሩ አትክልቶች ዓመቱን ሙሉ አይጠፉም፦ ፋሶላኪያ ፎሶሊያ በቲማቲም ነው፣ ብሪያም በምድጃ የበሰለ ድንች፣ ዝኩኒና ባድንጃን ነው፣ ፋቫ ደግሞ ከቢጫ ክክ የሚሠራ ነው። «ማጊሪዮ» የሚባለውን ዓይነት ምሳ ቤት ፈልጉ፤ ምግቡ በትልልቅ ትሪና ድስት ተደርድሮ ስለሚታይ እናታችን በጣታቸው እያመለከቱ መምረጥ ይችላሉ። ቋንቋ ለማይችል ሰው ይህ ትልቅ ክብር ነው፤ ልጁ እያስተረጎመለት ከሚበላ በራሱ መርጦ ሲበላ ምግቡ ይጣፍጠዋል።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ፦ የግሪክ ጾም ሽሪምፕ፣ ኦክቶፐስና ካላማሪ ይፈቅዳል፤ እኛ ደግሞ አንበላም። ስለዚህ «ኒስቲሲሞ» ብላችሁ ብቻ አትለፉ፤ የባሕር ነገር እንዳይገባበት አክላችሁ ንገሯቸው። የገጠር ሰላጣ የሚባለው «ሆሪያቲኪ»ም ፌታ አይብ ይደረግበታል፤ ያለ ፌታ ብላችሁ እዘዙ። ቡና ለሚወዱት እናት የግሪኩን ቡና «ስኬቶ» ብለሽ፣ ማለትም ያለ ስኳር፣ እዘዢላቸው፤ አተላው እስኪረጋ ትንሽ ይቆዩ።

ከፓትራስ ወደብ ስትወርዱ የሐዋርያው እንድርያስ ካቴድራል በእግር ይደረሳል። ሐዋርያው የተሰቀለው በዚያች ከተማ እንደሆነ ቤተ ክርስቲያን ታስተምራለች፤ ሮም የነበረው የራስ አጽሙም በ1964 ተመልሶ እዚያ አርፏል። ቲኖስ ደሴትን መሳለም ከፈለጋችሁ በኦገስት 15 አትሂዱ። የእመቤታችን በዓል ስለሆነ ሕዝቡ ከወደብ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በጉልበቱ እየዳኸ የሚወጣበት ቀን ነው፤ ማየቱ ልብ ይነካል፤ ለአረጋዊት እናት ግን ሙቀቱም ግፊያውም አይቻልም። ሦስት አራት ቀን ቆይታችሁ ብትሄዱ በሰላም ይሳለማሉ።

ሌሎቻችሁም ስለጠየቃችሁ ጥቂት ልጨምር። ሩማንያ «ዴ ፖስት» ካላችሁ በብዙ ምግብ ቤት የጾም ዝርዝር ይመጣል፤ ከጥር 2025 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ሸንገን ስለሆነች መግባቱም ቀሏል። ፖላንድ «ባር ምሌችኒ» በሚባሉት ርካሽ ምግብ ቤቶች ፒየሮጊ የሚባል፣ ጎመንና እንጉዳይ በሊጥ ተጠቅልሎ የሚቀቀል ምግብ አለ፤ ከላይ ስብ ወይም ቅቤ እንዳያፈሱበት ንገሩ። ቤልጂየም ድንች ጥብሱ በባህሉ በበሬ ስብ ስለሚጠበስ ጿሚ ሳይጠይቅ አይብላ። እንጀራ የግድ ካላችሁ ሚላኖ ፖርታ ቬኔዚያ ሰፈር፣ ሮምም ተርሚኒ ጣቢያ አካባቢ ታገኛላችሁ። ከተርሚኒ ፊት ለፊት ያለው የአምስት መቶዎቹ አደባባይ የተሰየመው በ1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ለወደቁት የጣሊያን ወታደሮች ነው፤ ለእናታችን ይህን ብትነግሪያቸው ቆመው የሚያዩት ይመስለኛል።

አሁን ከሁሉ አስቀድመሽ የመርከቡን ትኬት ቁረጪ። ወጣት በመርከቡ ወለል ላይ በርካሹ ትኬት ያድራል፤ ለእናታችን ግን አልጋ ያለው ክፍል ያዢላቸው። ከኦገስት 15 በፊት ያሉት ሌሊቶች ቀድመው ይሞላሉ። የመርከቡ ምግብ ቤት ውድ ስለሆነ ከባሪ ገበያ ፎካቻውንና ወይራውን ይዛችሁ ተሳፈሩ።