በ2,000 ብር የጀመረ ኩርፊያ

ልጆች፣ ባንክ ቤት 29 አመት ሰርቼ ነው ጡረታ የወጣሁት፣ ከዛ ውስጥ ሁለቱን አመት አጠገቤ ከሚቀመጥ ቴለር ጋር ሳልነጋገር ነው ያሳለፍኩት። መስኮታችን ጎን ለጎን ነው፣ ዝርዝር ብር ሲያጥረን እንኳን በጥበቃው እጅ ነበር የምንላላከው፣ አሁን ሳወራው ያስቀኛል።

ነገሩ የተጀመረው በሰኔ ወር የሂሳብ መዝጊያ ማታ ነው። ባንክ የሰራ ያውቃታል ይችን ቀን፣ የበጀት አመቱ ይዘጋል፣ ሂሳብ ካልገጠመ ወደ ቤት የለም። ከምሽቱ 4 ሰአት ሆኗል፣ ከጠዋት ጀምሮ ሻይ ብቻ የጠጣን አለን፣ እኔ ብሩን ለሶስተኛ ጊዜ ብቆጥረው 2,000 ብር ጎደለኝ፣ ያኔ ከወር ደሞዜ በላይ ነው፣ ካልተገኘ የምከፍለውም እኔ ነኝ። ይሄ ሰውዬ ዞር ብሎ «እስቲ ኪስህን እየው» አለኝ። ሰው ሳቀ። ማናጀሩም ሰምቶ ዝም። ብሩ በማግስቱ ተገኘ፣ አንድ የወጪ ቫውቸር (ብር መከፈሉን የሚያሳይ ወረቀት) ከሌላ ወረቀት ጋር በስቴፕለር ተመቶ ሳይመዘገብ ቀርቶ ነው። ኩርፊያው ግን ቀጠለ።

ሆድ ይፍጀው ብዬ ያዝኩት። እኛ አገር ይሄ እንደ ጨዋነት ይቆጠራል አይደል፣ እኔን ግን የእውነት ሆዴን ነው የፈጀው፣ ጨጓራ ነው ተብዬ ስንት ኪኒን ዋጥኩ፣ እሁድ ማታ ሰኞን ሳስብ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል፣ ቤት ገብቼ ልጆቼ ላይ እጮሃለሁ። ዛሬ ስትረስ የምትሉት ይሄው ነው፣ እኛ ስም አልነበረንም እንጂ።

ዘግይቶ የገባኝ ምን መሰላችሁ፣ ያጣላን የሱ ምላስ ብቻ አይደለም። ቫውቸሩን ማን እንደሚያመሳክር በቅርንጫፉ ለማንም አልተነገረም፣ እኔ የሱ ስራ ይመስለኛል እሱ የኔ፣ በዛ ላይ ርሃቡና ድካሙ። ስለዚህ ከሰው ጋር ስትጋጩ «ለምን እንዲህ አለኝ» ከማለታችሁ በፊት «ይሄ ስራ የማን ነበር» በሉ፣ አለቃችሁንም በጽሁፍ አስወስኑት። በባዶ ሆድ መልስ አትስጡ፣ በቴሌግራም ግሩፕማ ጭራሽ፣ እዛ የተጻፈ ነገር እስክሪንሾት ሆኖ ሲዞር ይኖራል።

እረፍታችሁንም ውሰዱ እባካችሁ። የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው አመት 16 የስራ ቀን ይሰጣል፣ ትርፍ ሰአትም በቀን ከ4 በሳምንት ከ12 ሰአት አይለፍ ይላል (የሲቪል ሰርቪስ ሰራተኛ ህጉ ሌላ ነው)። እኔ እረፍት ሳልወጣ ስሰራ ጀግና የሆንኩ ይመስለኝ ነበር፣ ቂል።

ደሞ ሁሉም ጸብ በቡና አይፈታም። አሰሪ ክብራችሁን የሚነካ፣ ጾታዊ ትንኮሳ የሚያደርስ ከሆነ ቀኑን፣ ሰአቱን፣ ማን እንደነበረ መዝግባችሁ ያዙ፣ አዋጁ በዚህ ምክንያት ያለ ማስጠንቀቂያ ስራ መልቀቅ ይፈቅዳል።

እኛን ያስታረቀችን ቡና የምታፈላልን ሴትዮ ናት። አንድ ቀን ሁለት ስኒ በአንድ ትሪ አምጥታ መሃላችን አስቀመጠችና «ስኒዬን አብራችሁ መልሱልኝ» ብላ ሄደች። ዝም ብለን ጠጣን። በመጨረሻ እሱ «ቀልዴን ነበርኮ» አለኝ። «ታዲያ ሁለት አመት ሙሉ ለምን አልነገርከኝም?» ስለው፣ «አንተ መቼ ሰላም ብለኸኝ ታውቃለህ» አለ።